ገጠመ፣ ሸፈነ፣ ጠራ፦ የቆዩ ሌንሶች በሚረርለስ ሚዲየም ፎርማት ካሜራ ላይ

ፉጂፊልም ጂኤፍኤክስ 50ኤስ የተባለውን ሚዲየም ፎርማት ካሜራ፣ ማለትም ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ ክፍል) ከፉል ፍሬም የሚተልቅ ካሜራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ ሲያቀርብ የካሜራው አካል ብቻውን 6,500 ዶላር ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ያው ካሜራና ተከታዩ 50አር አገልግለው ሲሸጡ ዋጋቸው ከዚያ በብዙ ወርዷል። በዚህም የተነሳ ደህና ፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ የተለመደውን የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል የሆነ) ለመግዛት ያሰበ ሰው ሚዲየም ፎርማትንም ከምርጫው ውስጥ ማስገባት ጀምሯል። ለካሜራው ተብለው የተሠሩት ሌንሶች ግን እንደ አካሉ አልረከሱም። 110 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ሲወጣ ዋጋው 2,800 ዶላር ገደማ ነበር፤ 80 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.7 ደግሞ 2,300 ዶላር። አካሉን የገዛ ሰው ለሌንስ የሚተርፈው ገንዘብ ስለማይኖር ፊቱን ወደ መሳቢያው ያዞራል። እዚያ የኒኮን ወይም የካኖን ሌንሶች ተቀምጠዋል። አባት ወይም አጎት ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ዜኒት ካሜራ ይዞ የመጣበት ቤት ከሆነ ደግሞ የዜኒቱ ሌንስ ሄሊዮስ 44 ትገኛለች።

ይህ ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ ይሠራል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «አዳፕተር አለው» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከሦስት ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ነው የሚመልሰው። ሌንሱ ከካሜራው ጋር መግጠሙ አንድ ነገር ነው። የሚጥለው ምስል ሴንሰሩን ከጥግ እስከ ጥግ መሸፈኑ ሌላ ነው። የሸፈነው ምስል ሴንሰሩ የሚጠይቀውን ያህል መጥራቱ ደግሞ ሦስተኛ ነው። የብዙ ሰው ገንዘብ የሚባክነው ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ስለሚምታቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከመግጠሙ እንጀምር። ማንኛውም ሌንስ ምስሉን የሚሠራው ከመግጠሚያው ቀለበት ጀርባ በተወሰነ ርቀት ላይ ነው። በድሮዎቹ ካሜራዎች ውስጥ በሌንሱና በፊልሙ መካከል የሚነሳና የሚወርድ መስታወት ስለነበረ ርቀቱ ረጅም መሆን ነበረበት። በኒኮን ኤፍ 46.5 ሚሊ ሜትር፣ በካኖን ኢኤፍ 44፣ በማሚያ 645 ደግሞ 63.3 ነው። የሃሰልብላድ የ500 ተከታታይ ካሜራዎች 74.9 ላይ ይደርሳሉ፤ ፔንታክስ 67 ወደ 85 ይጠጋል። ሚረርለስ ካሜራ ያ መስታወት ስለሌለው በጂኤፍኤክስ ርቀቱ ወደ 26.7 ሚሊ ሜትር አጥሯል። አዳፕተር የሚባለው ይህን ልዩነት የሚሞላ ባዶ ቱቦ ነው። ለኒኮን ሌንስ 19.8 ሚሊ ሜትር፣ ለማሚያ 36.6 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው ማለት ነው። በውስጡ ብርጭቆ ስለሌለ በትክክል እስከተሠራ ድረስ ምስሉን አያበላሽም።

ስሌቱ አስገራሚ ውጤት አለው። የላይካ ኤም ሌንሶች 27.8 ሚሊ ሜትር ስለሚፈልጉ አዳፕተራቸው 1.1 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወፍር ስስ ቀለበት ነው፤ ቢሆንም ይገጥማሉ። የዛሬዎቹ የሶኒ ኢ፣ የኒኮን ዜድና የካኖን አርኤፍ ሌንሶች ግን ከ16 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ባለው ርቀት ላይ እንዲሠሩ ስለተነደፉ ወደ ካሜራው ሆድ ካልገቡ በስተቀር በርቀት ላለ ነገር ፎከስ ማድረግ አይችሉም። ዘንድሮ የተገዛው የሶኒ ሌንስ የማይሠራበት ካሜራ ላይ የ1960ዎቹ ሌንስ ያለ ችግር ይቀመጣል።

አፐርቸሩን (በሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) የሚከፍተውና የሚዘጋው ምንድን ነው የሚለውም ከመግዛት በፊት መታየት አለበት። በሌንሱ አካል ላይ የአፐርቸር ቀለበት ካለ ነገሩ ቀላል ነው። የኒኮን ጂ ሌንሶች ቀለበት ስለሌላቸው አዳፕተሩ ራሱ ማዞሪያ ሊኖረው ይገባል፤ ማዞሪያው ግን ስንት ኤፍ ላይ እንዳለህ፣ ማለትም ቀዳዳው ምን ያህል እንደተከፈተ፣ በቁጥር አይነግርህም። የካኖን ኢኤፍ ሌንስ በኤሌክትሪክ ብቻ ስለሚታዘዝ በተራ ቱቦ ላይ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ለእሱ የኤሌክትሮኒክ ግንኙነት ያለው አዳፕተር ያስፈልጋል። ቴክአርትና ፍሪንገር የሚሠሯቸው አውቶፎከስም ይሰጣሉ፤ ዋጋቸው ግን ከተራው ቱቦ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በተራው ቱቦ ከሆነ በካሜራው ሜኑ ውስጥ ያለ ሌንስ ማንሳትን መፍቀድና ፎከሱን በእጅ፣ በቪውፋይንደሩ ውስጥ ምስሉን አጉልቶ እያዩ መሥራት ነው። በ50 ሜጋፒክስል ላይ ሳያጎሉ በግምት የተያዘ ፎከስ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ያሳፍራል።

ሹተሩም፣ ማለትም ብርሃኑን ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚያሳልፈው መክፈቻና መዝጊያ፣ ሊዘነጋ አይገባም፤ ፉጂና ሃሰልብላድ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የፉጂ ጂኤፍኤክስ ካሜራዎች በአካላቸው ውስጥ ሹተር ስላላቸው የትኛውም ሌንስ ቢገጠም መደበኛ ፎቶ ይነሳል። የሃሰልብላድ ኤክስ ካሜራዎች፣ ከ2016ቱ ኤክስ1ዲ ጀምሮ፣ በአካላቸው ውስጥ መካኒካል ሹተር የላቸውም፤ ሹተሩ ያለው በሌንሱ ውስጥ ነው። በተራ አዳፕተር የገጠምከው ሌንስ ከካሜራው ጋር የሚነጋገር ሹተር ስለሌለው የቀረህ የኤሌክትሮኒክ ሹተር ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ በኤክስ1ዲ ላይ ሩብ ሰከንድና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚራመድ ሰው ይጣመማል፣ የመኪና ጎማ ሞላላ ይሆናል፣ ፍላሽም አይሠራም። ተራራ፣ ሕንፃ ወይም ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ለሚያነሳ ሰው ይህ ችግር አይደለም። ሰው ለሚያነሳ ግን ካሜራውን ከመምረጥ በፊት የሚታሰብ ነገር ነው። የራሳቸው ሹተር ያላቸው የሃሰልብላድ ኤች ሌንሶች በኩባንያው አዳፕተር ሲገጠሙ ከዚህ ችግር ያመልጣሉ። ፉጂም ለእነዚሁ ሌንሶች የራሱን አዳፕተር ሠርቷል፤ አውቶፎከስ ባይኖረውም የሌንሱን ሹተር ስለሚጠቀም ፍላሽ እስከ 1/800 ሰከንድ ድረስ ይሠራል። የጂኤፍኤክስ የራሱ ሹተር ለፍላሽ የሚፈቅደው 1/125 ብቻ ነው። በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ውጭ ቆሞ የሰው ፊት ላይ ያረፈውን ጥላ በፍላሽ ለሚሞላ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሌንሱ ገጠመ እንበል። የሚጥለው ምስል፣ ባትሪ ግድግዳ ላይ እንደሚጥለው ብርሃን፣ ክብ ነው፤ ሴንሰሩ በዚያ ክብ ውስጥ ተጠቃሎ መግባት አለበት። የፉል ፍሬም ሴንሰር ከጥግ እስከ ጥግ 43.3 ሚሊ ሜትር ነው። የጂኤፍኤክስና የኤክስ ካሜራዎች ሴንሰር 43.8 በ32.9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከጥግ እስከ ጥግ 54.8 ይሆናል። ለፉል ፍሬም የተሠራ ሌንስ ይህን ተጨማሪ 11.5 ሚሊ ሜትር እንዲሸፍን ማንም አላዘዘውም። ሆኖም ብዙዎቹ ከታዘዙት በላይ ይሸፍናሉ። ከ85 እስከ 135 ሚሊ ሜትር ያሉ ብዙ የፖርትሬት ሌንሶች ወይ ሙሉ በሙሉ፣ ወይ ጥግ ላይ ትንሽ ጥላ ብቻ ትተው ይሸፍናሉ። የማክሮ ሌንሶች ወደ ነገሩ በቀረብክ ቁጥር ክባቸው ስለሚሰፋ በቅርብ ርቀት ላይ ብዙ ጊዜ ችግር የላቸውም። እንደ 24-70 ያሉ ዙም ሌንሶች ግን በሰፊው ጫፋቸው ላይ ጥጎቹን ያጠቁራሉ። ሄሊዮስ 44ም ጥጎቹን ታጠቁራለች፤ ጀርባውን የሚሽከረከር አስመስላ ስለምታደበዝዘው ለሚወዳት ሰው ያ ጥላ የምስሉ አካል ሊሆን ይችላል።

በኢንተርኔት ላይ ይሸፍናል ወይም አይሸፍንም ብለው ሌንሶችን የሚደረድሩ ዝርዝሮች ሞልተዋል። እርስ በርሳቸው የሚቃረኑት ሽፋን ቋሚ ነገር ስላልሆነ ነው። አፐርቸሩ ክፍት ሲሆን የጥጉ ጥላ ለስላሳና በሶፍትዌር የሚስተካከል ይመስላል፤ ወደ ኤፍ 11 ሲዘጋ ያው ጥላ ጠርዙ ቁርጥ ያለ ጥቁር ጥግ ሊሆን ይችላል። በሁለት ሜትር ርቀት ላይ የሸፈነ ሌንስ በርቀት ላለ ተራራ ላይሸፍን ይችላል። ለፉል ፍሬም የተሠራው የፀሐይ መከላከያ ራሱ ጥጉን የሚቆርጥበት ጊዜ ስላለ መጀመሪያ አውልቆ መሞከር ያስፈልጋል። ከጂኤፍኤክስ 100 ጀምሮ በመጡት ብዙዎቹ አካላት ውስጥ ያለው የንቅናቄ ማረጋጊያም ሴንሰሩን ወዲያና ወዲህ ስለሚያንቀሳቅሰው፣ በጭንቅ የሚሸፍን ሌንስ አንዱን ጥግ ከሌላው ይበልጥ ሊያጠቁር ይችላል። እንዲህ ያለውን አካል የያዘ ሰው የሌንሱን የትኩረት ርዝመት (በሚሊ ሜትር የሚነገረውን ቁጥር) በካሜራው ሜኑ ውስጥ በእጁ ማስገባት አለበት፤ ካልሆነ ማረጋጊያው በተሳሳተ መጠን ይሠራል።

ጥጉ ከጠቆረ መቁረጥ አለ። ፉጂ የ35 ሚሊ ሜትር ሁነታ ሰጥቷል፤ በ50 ሜጋፒክስሉ ካሜራ 30፣ በ100ው ደግሞ 60 ሜጋፒክስል ገደማ ይተርፋል። እኔ ግን ይህን ሁነታ አልመክርም፤ ፉል ፍሬም ሴንሰር ለመጠቀም ሚዲየም ፎርማት መሸከም ትርጉም የለውም። የተሻለው መንገድ የምስሉን ቅርጽ መቀየር ነው። አራት ማዕዘኑን እኩል፣ 1 ለ1 ካደረግኸው ከጥግ እስከ ጥግ 46.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ፉል ፍሬም ሌንስ ከሚሸፍነው በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይበልጣል። በ50ው ካሜራ ላይ ደግሞ 38 ሜጋፒክስል ይቀርልሃል። ረጅሙ የ65 ለ24 ቅርጽም እንዲሁ 46.7 ሚሊ ሜትር ነው። በሙሉው ቅርጽ ጥጉን የሚያጠቁሩ ብዙ ሌንሶች በእነዚህ ሁለት ቅርጾች ንጹሕ ሆነው ይወጣሉ። ለካሬ ፖርትሬትና ለሰፊ መልክዓ ምድር ፎቶ ከዚህ የተሻለ ርካሽ መፍትሔ አላውቅም።

ከሽፋን አንጻር አንድ የሌንስ ቤተሰብ ለብቻው መነሳት አለበት፤ የሕንፃ ፎቶ አንሺዎች የሚጠቀሙባቸው፣ ሌንሱ ወደ ጎን የሚንሸራተትና የሚያዘነብል የካኖን ቲኤስ-ኢ ሌንሶች። ሌንሱ ሲንሸራተት ሴንሰሩ ከክቡ እንዳይወጣ ተብሎ ክባቸው ከመነሻው ሰፊ ሆኖ ተሠርቷል። የ17 ሚሊ ሜትሩና የሁለተኛው ትውልድ 24 ሚሊ ሜትር ክብ 67.2 ሚሊ ሜትር ነው። በጂኤፍኤክስ ላይ ሴንሰሩን ሸፍነው ለማንሸራተት ቦታ ይተርፋቸዋል። 17ቱ በፉል ፍሬም ቋንቋ 13.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ዕይታ ይሰጣል። ፉጂ የራሱን የሚንሸራተቱ ሌንሶች ያመጣው በ2023 ነው፤ እነሱም 30 እና 110 ሚሊ ሜትር ናቸው። ረጅም ሕንፃን ከጠባብ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ቋሚ መስመሮቹ ወደ ውስጥ ሳይዘሙ ማንሳት ለሚፈልግ ሰው የ17ቱን ያህል ሰፊ ዕይታ ያለው ከፋብሪካው የወጣ አቻ የለም። ካሜራው የማይሰጠውን ነገር አዳፕተር የሚያስገኝበት ምርጡ ምሳሌ ለእኔ ይህ ነው፤ ሕንፃ የሚያነሳ ሰው ለኤሌክትሮኒክ አዳፕተሩ የከፈለው ገንዘብ አይቆጨውም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ። የሽፋን ጭንቀት የሰለቸው ሰው ብዙ ጊዜ ለፊልም ሚዲየም ፎርማት ወደተሠሩ ሌንሶች ይሄዳል። የማሚያ 645 ሌንስ ወደ 70 ሚሊ ሜትር፣ የሃሰልብላድ 6 በ6 (ሴንቲ ሜትር ፊልም) ሌንስ 79፣ የፔንታክስ 67 ሌንስ 89 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ጥግ ላይ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ሚዲየም ፎርማት ሌንስ ለሚዲየም ፎርማት ካሜራ ሲባልም ለጆሮ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን የእነዚያ ሌንሶች ነዳፊዎች ያሰቡት ሌላ ሥራ ነበር። 6 በ7 ፊልም ትልቅ ስለሆነ ወደ ወረቀት ሲታተም ብዙ ማጉላት አያስፈልገውም ነበር፤ ስለዚህ ሌንሱ ሰፊ ቦታን በእኩል ጥራት መሸፈን እንጂ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውስጥ እጅግ የረቀቀ ዝርዝር ማስቀመጥ አይጠበቅበትም ነበር። ዲጂታሉ ሴንሰር ደግሞ ተቃራኒውን ይጠይቃል። የ100 ሜጋፒክስሉ ጂኤፍኤክስ አንድ ፒክስል 3.76 ማይክሮ ሜትር ነው፤ ይህ በ61 ሜጋፒክስሉ ሶኒ ኤ7አር 4 ላይ ካለው ፒክስል ጋር እኩል ነው። ሴንሰሩ የ6 በ7 ሌንስ ከሚጥለው ምስል መሐሉን ብቻ ወስዶ፣ ያንን መሐል ሌንሱ በተሠራበት ዘመን ማንም ባላሰበው መጠን ያጎላል።

በዚህ የተነሳ የሚጠበቀው ተገልብጦ ይገኛል። ለከፍተኛ ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም የተነደፉ እንደ ዛይስ ኦቱስ 55 እና 85 ያሉ ሌንሶች ጥጉ ላይ ጥቂት ጥላ ይተዋሉ፤ በጥራት ግን በ1970ዎቹ የተሠራውን የሚዲየም ፎርማት ሌንስ ይበልጡታል። ትልቁ ክብ ጥላውን አስወገደልህ፤ ጥራቱን አላመጣልህም። በ50 ሜጋፒክስሉ ካሜራ ላይ ፒክስሉ 5.3 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ ነገሩ ይለዝባል። የማሚያና የፔንታክስ ሌንሶችን በብዛት የያዘ ሰው 100ውን ከመመኘት በፊት 50ውን ቢያስብ፣ ሌንሶቹንም ወደ ኤፍ 8 ዘግቶ ቢሠራ ብዙ ይረካል።

ከጥራት ይልቅ መልኩን ፈልጌ ነው የሚልም አለ፤ ይህ ክብር የሚገባው ምክንያት ነው። ፔንታክስ 67 ላይ የሚገጠመው 105 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.4 በፖርትሬት ስሙ የገነነ ነው፤ ሰፊ ዕይታ ይዞ የጀርባውን ነገር ያቀልጠዋል። ነገር ግን ያ መልክ የሌንሱ ብቻ ሳይሆን የፊልሙ ስፋትም ውጤት ነበር። በ6 በ7 ፊልም ላይ ይህ ሌንስ በፉል ፍሬም ስሌት እንደ 51 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.2 ያያል። በጂኤፍኤክስ ላይ ሲገጠም እንደ 83 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.9 ይሆናል። ይህ ጥሩ የፖርትሬት ሌንስ ነው፤ ዝነኛው መልክ ግን አይደለም፤ ለእሱ ብሎ የገዛ ሰው ያዝናል። ወደዚያ መልክ የሚያስጠጋው በውስጡ ብርጭቆ ያለውና ምስሉን ጨምቆ የሚያሳንሰው አዳፕተር ነው፤ ኪፖን የሚሠራው 0.7 እጥፍ ባቬይስ የዚህ ዓይነት ነው። በእሱ 105ቱ ወደ 73.5 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.7 ይወርዳል፤ በፉል ፍሬም ስሌት 58 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.3 ገደማ ነው። ዋጋው ከባድ ነው፣ የተጨመረው ብርጭቆም በክፍት አፐርቸር ጥጎቹን ያለሰልሳቸዋል። ፖርትሬት ውስጥ የጥግ ጥራት ብዙ ስለማይፈለግ እኔ ይህን ክፍያ ተገቢ እላለሁ፤ ለመልክዓ ምድር ግን አላደርገውም።

የላይካ ኤም ሰፊ ሌንሶችን በተመለከተ አጭር ማስጠንቀቂያ ይበቃል። የኋላ ብርጭቆአቸው ወደ ሴንሰሩ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ብርሃኑ ጥጎቹ ላይ በጣም ተንጋዶ ይደርሳል፤ በሴንሰሩ ፊት ያለው ወፍራም መሸፈኛም ያንን ብርሃን ያዛባዋል። ጠርዙ ቀለም ይይዛል፣ ዝርዝሩም ይቀባባል። ቀለሙን በሌንሱ ላይ ነጭ ማሰራጫ ይዞ ባነሳኸው ፎቶ አማካይነት በላይትሩም ወይም በካፕቸር ዋን ሶፍትዌር ማረም ይቻላል፤ የተቀባባው ዝርዝር ግን አይመለስም።

አዳፕተሩ ራሱም ሊፈተሽ ይገባል። በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ከወፈረ ሌንሱ ሩቁን ነገር ጨርሶ አያጠራም። ይህን የሚፈሩ ርካሽ አምራቾች ሆን ብለው ያሳጥሩታል፤ ያን ጊዜ ሌንሱ ሩቁን ያጠራል፣ በሌንሱ ላይ የተጻፈው የርቀት ቁጥር ግን ውሸት ይሆናል። ለአብዛኛው ሌንስ ይህ አይጎዳም። ውስጣዊ ብርጭቆዎቻቸው ከፎከሱ ጋር አብረው የሚንቀሳቀሱ ሰፊ ሌንሶች ግን ቁጥሩ ከእውነቱ ሲለያይ ጥጋቸው ይደበዝዛል። በረጃጅሞቹ የሚዲየም ፎርማት ቱቦዎች ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይከሰታል፤ ሴንሰሩ የማይፈልገው ትርፍ ብርሃን የቱቦውን ግድግዳ መትቶ ይመለስና በምስሉ ላይ ስስ ጭጋግ ይጥላል። የቱቦው ውስጥ በባትሪ ሲታይ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጥቁር ለስላሳ ጨርቅ መለጠፍ ምስሉን በግልጽ ይለውጠዋል።

ሠርግ የሚያነሳ ሰው ይህን ሁሉ እንዲተወው እመክራለሁ። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ምስል አጉልቶ ፎከስ ለማድረግ ጊዜ የለም፤ አንድ የፋብሪካው ሌንስ በአውቶፎከሱ ብቻ ዋጋውን ይመልሳል። በስቱዲዮ ውስጥ በረጋ መንፈስ ለሚሠራ፣ ሕንፃና መልክዓ ምድር ለሚያነሳ፣ ቅርስና ሥዕል በዝርዝር ለሚመዘግብ ሰው ግን የተስማማ ሌንስ ለዓመታት የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ከሻጭ እጅ ሲወሰድ ከኋላ በኩል በባትሪ ብርሃን አብርቶ ሻጋታና ጭጋግ ማየት፣ የፎከሱ ቀለበት ቅባቱ ደርቆ እንዳልተጨናነቀ ማዞር፣ የአፐርቸሩ ምላጮች ዘይት አለመያዛቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከዚያ ካሜራው ላይ ገጥሞ አንድ ሩቅ ዝርዝር፣ ለምሳሌ የሩቅ ሕንፃ አንቴና፣ መሐል ላይ በጥንቃቄ ፎከስ ማድረግ ነው። ፎከሱን ሳይነኩ ያንኑ አንቴና በየተራ በአራቱም ጥጎች ላይ አድርጎ ማንሳት፤ አንዴ በክፍት አፐርቸር፣ አንዴ በኤፍ 8። አራቱም ጥጎች እኩል ከደበዘዙ የሌንሱ ባሕርይ ነው፤ በኤፍ 8 ከጠሩ ደግሞ ለሥራ ይበቃል። አንዱ ጥግ ብቻ ከደበዘዘ ሌላ ሌንስ በዚያው አዳፕተር ላይ አድርጎ መድገም ነው። ያው ጥግ እንደገና ከደበዘዘ የሚመለሰው አዳፕተሩ ነው፤ ከጠራ ደግሞ ሌንሱ።